የእህል ዘር በዓል ይኑረን፤ ንግግር የማይበዛበት

ክቡር አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ዕፅዋት ማዕከላት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። አገር በቀል ዛፉ፣ ችግኙ፣ ንጹህ አየሩ፣ የሽርሽሩ ነገር፣ ሁሉም ተነስቷል። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። ጤፉም፣ ዳጉሳውም፣ ግብጦውም ዕፅዋት ነው እኮ! የዕፅዋት ማዕከል ሲባል ዝግባና ኮሶ ብቻ የሚታየን ለምንድን ነው? እኔ የምፈልገው ጎጃም ውስጥ ልጆቻችንን ይዘን በየወቅቱ የምንሄድበት፣ ስንሄድ የሚዘራ፣ የሚታረም፣ የሚታጨድ ነገር የምናገኝበት፣ በዓመት አንዴ ደግሞ ገበሬው ከጎታው ያወጣውን የአያቶቹን ዘር ይዞ መጥቶ ከሌላው ጋር የሚለዋወጥበት ቦታ ነው። ይቻላል ብዬም አምናለሁ። ገንዘቡም ያን ያህል አይደለም።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የቤታችን ጤፍ ከባለቤቴ አገር፣ ከቢቸና በኩል ነው የሚመጣው። እንዲያም ሆኖ ትልቁ ልጄ ኑግና ተልባ አይለይም። ትንሿማ ሽሮ እንዲሁ ዱቄት ሆኖ የሚፈጠር ነው የሚመስላት። የኔ ቤት ጉድ ብቻ መስሏችሁ እንዳትስቁብኝ። ጎረቤቶቼን ጠይቄያለሁ፣ ያው ነው። ከከተማው ዳር ትንሽ ወጣ ሲባል ማሳ በሚታይበት አገር እየኖሩ ልጆቹ እህል የሚያውቁት በፌስታል ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነክሩበታል ማለት ይሄ ነው።

ጎጃም ራሱ ግን ምን ዓይነት አገር ነው? ደጀን ላይ ቆማችሁ ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ብትመለከቱ ማሽላው ሙቀቱን ችሎ ቆሟል። ዳገቱን ወጥታችሁ ሜዳው ላይ ስትደርሱ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ጓያ ነው። ወደ መራዊና ዳንግላ ከሄዳችሁ ዳጉሳው፣ በቆሎው፣ ኑጉ። ወደ ጮቄ ስትወጡ ደግሞ ጤፍ ይቀርና ገብስ፣ እንግዶና ድንች ይመጣል፤ ከዚያ በላይ አስታና ጅብራ ነው፣ ተራራው ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከበረሃ እስከ ውርጭ ያለው ሁሉ እዚሁ አለ። እያንዳንዱ ከፍታ የራሱን ዘር አሳድጓል፤ የበረሃው ማሽላ ጮቄ ላይ አይሆንም፣ የጮቄ ገብስም በረሃ ወርዶ አያፈራም። ማንም ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጦ አልሠራውም። ገበሬው፣ በተለይ ደግሞ ሴቷ፣ በየዓመቱ ዛላ ዛላውን እየመረጠች ያቆየችው ነው።

አመራረጡን ያላየ ሰው እንዲሁ ከአውድማ እፍኝ ተዘግኖ የሚቀመጥ ይመስለዋል። አይደለም። አማቴ ገና አጨዳ ሳይጀመር ማሳው ውስጥ ትገባለች። ዛላው የሞላውን፣ አገዳው ያልወደቀውን፣ ዋግ ያልነካውን ትመርጣለች። የመረጠችውን ለብቻው ታስራለች። በሬ እንዲያበራየው አትሰጥም፤ በእጇ ነው የምትፈለፍለው። ከዚያ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ፍሬውን በጥርሷ ትሞክረዋለች፣ ኩርር ብሎ ከተሰበረ ደርቋል ማለት ነው። የባቄላውንና የሽምብራውን ዘር ጤፍ ውስጥ ትቀብረዋለች፣ ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ስለሚሞላ ነቀዝ መንቀሳቀሻ ያጣል። የጎመኑ ዘር ቅል ውስጥ ገብቶ አፉ ይደፈናል። የበቆሎውማ ከነልባሱ ተቋጥሮ ምድጃው በላይ ይንጠለጠላል፣ ጭሱ ይጠብቀዋል። ይሄን ሁሉ ማን ጽፎ ያውቃል? ልጆቼ ይሄን ሲያዩ ዩቲዩቡን ረስተው ቀሩ። እውነቴን ነው፣ ስልኩ መሬት ላይ ወድቆ የሚያነሳው ጠፋ።

አሁን አንዳንድ አንባቢ «ይቺ ሴትዮ የምርጥ ዘር ጠላት ናት» ሊል ይችላል። አይደለሁም። ምርታማው ዘር ባይኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ምን ሊበላ ነበር? እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ ጤፍ ስንቱን ቤት እንዳቀና እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ቁንጮ ከየት መጣ? ደብረ ዘይት ላይ ማኛና ዱከም የሚባሉትን ጤፎች አዳቅለው ነው ያወጡት፣ ሁለቱም ደግሞ ከገበሬው ነባር ጤፍ የተመረጡ ናቸው። የድሮው ዘር ባይኖር አዲሱ አይወለድም ነበር። ነገም ሌላ በሽታ ሲመጣ፣ ዝናቡ ሲዛባ፣ አዳቃዮቹ ተመልሰው የሚመጡት ወደዚያው ወደ ገበሬው ጎታ ነው። ጎታው ባዶ ከሆነስ?

ከውጭ ምሳሌ ልስጥ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የገብስ ማሳ ቢጫ የሚያደርግ የቫይረስ በሽታ ገብቶ ገበሬውን ሲያስጨንቅ በሽታውን የሚቋቋመው ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ከዚያ ከምንንቀው፣ ቆሎና በሶ ከምናደርገው ገብስ! ቫቪሎቭ የሚባለው የሩሲያ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1926 መጨረሻ ወደ አገራችን መጥቶ በቅሎ ጭኖ ዘር ሲሰበስብ የዞረው፣ ኢትዮጵያንም የዓለም ሰብሎች ከፈለቁባቸው ቦታዎች አንዷ ናት ብሎ የመዘገበው ወዶ አይደለም። እሱ ራሱ በ1943 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። የሰበሰበውን ዘር ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ሳለ ባልደረቦቹ ሩዝና ስንዴ ከጎናቸው ተቀምጦ፣ እሱን ሳይበሉ፣ በረሃብ እየሞቱ ጠበቁት። ይሄን ታሪክ ለልጆቼ ስነግራቸው «ለምን አልበሉትም?» አለችኝ ትንሿ። መልሱን ከማንም በላይ የምታውቀው አያቷ ናት፤ በክፉ ቀን የዘር እህል ጎታው ውስጥ እያለ ጾሟን ያደረች ሴት ናት።

የቅርቡን ደግሞ እዩት። አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ በኩል፣ ገበሬው እህሉን ትቶ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተከለ። ከሰሉ ገንዘብ አመጣ፣ ቤት ተሠራበት፣ ልጅ ተማረበት፣ ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ከዚያ በሽታ ገባና አንድ ዓይነት ዛፍ በተሰለፈበት አገር ሁሉ እየተሻገረ አደረቀው። አንድ ዓይነት ብቻ መትከል ሲደላ ደስ ይላል፣ መከራው ሲመጣ ግን አንዴ ነው የሚመጣው። የድሮ ሰው ማሳው ላይ ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ የሚዘራው፣ ቀይና ነጭ ጤፍ አቀላቅሎ ሰርገኛ የሚያደርገው ስላልተማረ መስሎን ነበር። አንዱ ሲወድቅ አንዱ እንዲቆም ነው።

እዚህ ላይ «ዘሩ እኮ አዲስ አበባ ጂን ባንክ ተቀምጧል» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው ተቋም ከ60 ሺህ በላይ ናሙና በቅዝቃዜ አቆይቶልናል። ትልቅ ሥራ ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ ያንን ማዕከል ሲመሩ በዚያ በክፉው ድርቅ ዘመን ገበሬው የዘር እህሉን በልቶ ሳይጨርሰው ሰዎቻቸውን አሰማርተው ያሰባሰቡት ዘር ባይኖር ብዙ ነገር አልቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የወሰዱት በዚሁ ሥራ ነው። ግን እኚሁ ሰው አጥብቀው ሲሉት የኖሩት ነገር ምንድን ነው? ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ አይጠበቅም፣ ገበሬው ማሳ ላይም መኖር አለበት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር እንደገባ ነው የሚኖረው። ውጪ ያለው አየር ሲቀየር፣ አዲስ ተባይ ሲመጣ፣ እሱ ምንም አልሰማም። በየዓመቱ የሚዘራው ግን አብሮ ይለመዳል። ደግሞስ አዲስ አበባ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ የቢቸና ጤፍ ለቢቸና ገበሬ ምን ያደርግለታል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ለዚህ ነው የዕፅዋት ማዕከል የምለው። በማቀዝቀዣውና በማሳው መካከል ያለ ቦታ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ፣ የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ያቋቋሙት። እንጦጦ ግርጌ ነው። ቅዳሜና እሁድ ቤተሰብ ይሄድበታል፣ ሙሽራ ፎቶ ይነሳበታል። ደስ የሚል ነው። የኛዎቹስ? ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ሰፊ ግቢ አላቸው፣ ባለሙያ አላቸው። አዴት ደግሞ ስንት ዘመን የቆየ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ሁሉም ሥራቸውን እየሠሩ ነው። እኔ የምለው በሩን ለቤተሰብ ክፈቱት ነው።

በሩን ስል የማልረሳው ነገር አለ። የአንድ ተቋም ስም አልጠራም፣ ሰዎቹን ማሳፈር አልፈልግም። «የአገር በቀል ዘር ቀን» ተብሎ ተጠራን። እኔም አማቴን ይዤ ሄድኩ። እሷ ደግሞ ሰምታ ባዶ እጇን አልመጣችም፣ በነጠላዋ ጫፍ ሦስት ቋጠሮ ይዛለች፣ ጥቁር ጤፍ፣ ሰነፍ ቆሎ ገብስና የቤቷን ጎመን ዘር። በር ላይ ጥበቃው አስቆማት።

«እናቴ፣ ምንድን ነው የያዙት?»

«ዘር ነው ልጄ።»

«እህል ይዞ መግባት አይቻልም።»

«የዘር በዓል አይደለም እንዴ?»

«ትእዛዝ ነው እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ልጁ ጨዋ ነው፣ በሱ አልፈርድም። ቋጠሮውን ውጪ ለተቀመጠ ሊስትሮ አደራ ሰጥተን ገባን። ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ባነር ተሰቅሏል፣ ቲሸርት ታድሏል፣ የክብር እንግዳው ዘግይተው መጡ። ከዚያ ንግግር። ከንግግሩ በኋላ ሌላ ንግግር። ስለ አገር በቀል ዘር ክብር ስንሰማ ቆየን፣ የአማቴ አገር በቀል ዘር ግን ውጪ የጫማ ቀለም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ልጆቹ መደቡ ላይ ያለውን ዳጉሳ ሊነኩ ሲሉ «አትንኩ!» ተባሉ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ደግሞ በላቲን ነው። አማቴ ስትወጣ «ሌላ ጊዜ አልመጣም» አለች። እኔም አልተከራከርኳት።

እንግዲህ እንዲህ ያለ በዓል ከሆነ ይቅርብን።

የተሻለ የሚሠሩ አሉ። ካናዳ ውስጥ፣ ቫንኩቨር ከተማ፣ ቫንዱሰን የሚባል የዕፅዋት ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 አንዲት የድሮ ዘር ፈላጊ ሴት እዚያ የዘር መለዋወጫ ቅዳሜ አስጀመረች። ብርዱ ሊያበቃ፣ መዝራት ሊጀመር ሲል ሰው በፖስታና በወረቀት ከረጢት የቋጠረውን ዘር ይዞ ይመጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ሌላውን አንስቶ ይሄዳል። ዛሬ በአገሩ በየከተማው ይደረጋል፣ ወደ እንግሊዝም ተሻግሯል። አሜሪካም ከ1975 ጀምሮ የቤተሰብ ነባር ዘር እያሰባሰበ ለአባላቱ የሚያለዋውጥ ማኅበር አለ። እነሱ የሚለዋወጡት በአብዛኛው የቲማቲምና የቦሎቄ ዘር ነው። እኛ ብንሆንስ? የሺህ ዓመት እህል ይዘን ነው የተቀመጥነው።

ቀኑን ከውጭ መቅዳት አያስፈልገንም። ግንቦት ልደታ አለልን። ግንቦት 1 ሰው ከቤቱ ወጥቶ ዛፍ ሥር ንፍሮ ቀቅሎ ጎረቤት ጠርቶ የሚበላበት ቀን ነው። ንፍሮው ራሱ የእህል ዓይነት ማሳያ ነው፣ ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ በቆሎው አንድ ድስት ውስጥ። ቀኑም ሰኔ ሳይገባ ነው፣ ገበሬው ምን ልዝራ የሚልበት። የሃይማኖቱን ሥርዓት ለባለቤቱ እንተወውና፣ በዚያው ሰሞን ባለው ቅዳሜ የዕፅዋት ማዕከሉ ዛፍ ሥር ንፍሮ ይቀቀል። ገበሬ ዘሩን ያምጣ። አንድ ቁና ማምጣት የለበትም፣ እፍኝ ይበቃል። አንድ ግራም ጤፍ ውስጥ እኮ ሦስት ሺህ ገደማ ፍሬ አለ፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ ትንሽ መደብ ትሸፍናለች፣ ከሷ የተገኘው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ሰፋ ያለ ቦታ ይዘራል። እያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ ከየት ቀበሌ እንደመጣ፣ መቼ እንደሚዘራ፣ ለምን እንደሚሆን፣ ለእንጀራ ነው ለጠላ፣ ለቆሎ ነው ለበሶ፣ ይጻፍበት። መጻፍ የማይችል ካለ የትምህርት ቤት ልጆች ተቀምጠው ይጻፉለት። ለኔ ከበዓሉ ሁሉ ዋናው ይሄ ነው፤ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ከአንዲት ባልቴት ፊት ቁጭ ብላ «ይሄኛው ገብስ ለምን ይሆናል እማማ?» ብላ ጠይቃ ስትጽፍ።

አንዳንድ ጥንቃቄ አለው። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ዘሩ እንዳለ ይቆያል፣ ብንለዋወጠው ችግር የለውም። በቆሎና ጎመን ግን ከጎረቤት ማሳ ጋር ይደባለቃል፣ ስለዚህ ያመጣው ሰው ብቻውን ለይቶ የዘራው መሆኑን መጠየቅ ነው። ዲቃላውን በቆሎ፣ ያንን በየዓመቱ ከድርጅት የሚገዛውን፣ ለልውውጥ ማምጣት ዋጋ የለውም፤ ልጁ እንደ እናቱ አያፈራም። ድንች ደግሞ ፈጽሞ አይግባ። ድንች በውስጡ የአጠውልግ በሽታ ተሸክሞ ይመጣል፣ አንዱ ቀበሌ ያለውን ጣጣ ለሌላው ማዳረስ ይሆናል። በር ላይ መፈተሽ ካስፈለገ እንዲህ ያለውን የሚያውቅ የዕፅዋት ጤና ባለሙያ ይቁም። ጥበቃው ይረፍ።

ሕጉስ ይፈቅዳል ወይ ለሚለኝ፣ የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምና የማኅበረሰብ መብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። የአካባቢው ማኅበረሰብ ዘሩን እርስ በርሱ መጠቀምና መለዋወጥ መብቱ ነው ይላል። እንዲያውም ስለ መብት ካነሳን፣ ጤፋችንን አንድ የኔዘርላንድ ድርጅት የፈጠራ መብት አውጥቶበት ስንት ዓመት ስንንገላታ አልነበር? በመጨረሻ ሄግ ያለው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በኔዘርላንድ ዋጋ የለውም አለው። በየጎታችን ምን እንዳለን በስሙ፣ በቀበሌው፣ በጥቅሙ ጽፈን ብናስቀምጥ ኖሮ ማንም ከውጭ መጥቶ «እኔ ፈጠርኩት» ለማለት ይከብደው ነበር ባይ ነኝ።

ከግንቦት በኋላ ደግሞ ክረምት ነው፣ ትምህርት ተዘግቶ ልጆች ቤት የሚያምሱበት ጊዜ። ሐምሌ ላይ ለጤፍ መሬት ይረገጣል። ከብት ገብቶ ጭቃውን ሲረግጠው ያየ ልጅ ጫማውን ሳያወልቅ አይቀርም፤ ይግባና ይርገጥ! አንድ ጥማድ የማይሞላ መሬት ላይ የከተማ ልጆች ከገበሬ ልጆች ጋር እየተንሸራተቱ ሲረግጡ፣ ከዚያ ገበሬው በእጁ ጤፉን ሲበትን፣ ልጆቹ በየተራ እየበተኑ ሲሳሳቱ። አንዱ ጋ ይጠቀጠቃል፣ አንዱ ጋ ራሰ በራ ይሆናል። ይሁን። መስከረም አደይ አበባው መሃል መጥተው የዘሩትን ያዩታል፣ ያርሙታል።

ጥቅምትና ህዳር ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል፣ እሸት ነው። የባቄላ እሸት ከነቅርፊቱ፣ የአተር እሸት ከማሳው እየቀጠፉ፣ የስንዴ እሸት እሳት ላይ ተለብልቦ በመዳፍ ታሽቶ። ጥቁር የሆነ ከንፈር ይዞ ወደ ቤት የሚመለስ ልጅ ሁለተኛ «እህል ምንድን ነው?» አይልም። ይሄ ፕሮግራም መምህርም፣ ፕሮጀክተርም አይፈልግም። እሳትና ጨው ይበቃዋል። ጥር ላይ አውድማ ነው፣ ገለባ ላይ መንከባለል፣ መንሽ ማንሳት። እሱን ብዙ አላወራም፣ ልጆቹ ራሳቸው ያውቁበታል።

አንድ መደብ ደግሞ ለግብጦ ይሰጥልኝ። በጣም የምንንቀው እህል ነው፣ የአረቄ ቤት ማጣጣሚያ፣ የድሃ ምግብ እያልን። ከሌላው አገር ይልቅ ደግሞ የኛ የጎጃሞች ነው። ጥሬው መራራ ብቻ አይደለም፣ ያማል። ስለዚህ ይቆላል ወይም ይቀቀላል፣ ጆንያ ውስጥ ይገባና ወራጅ ውሃ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ለቀናት ይሰነብታል። ውሃው ምሬቱን ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ይላጥና በጨው ነው። ልጅ ሆኜ ወንዝ ዳር ስንሄድ የማን ጆንያ እንደሆነ ሳናውቅ አንስተን የምንቀምሰው ነበር (ባለቤቶቹ ካነበቡ ይቅር ይበሉኝ)። ይሄ እህል የደከመ መሬት ላይ ይበቅላል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ እንዲያውም በሥሩ ናይትሮጅን ይዞ መሬቱን ያበረታል። የማዳበሪያ ወረፋ ምን እንዳደረገን ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የዕፅዋት ማዕከሉ ውስጥ ትንሽ የውሃ መውረጃ ካለች ግብጦ የገባበት ጆንያ ይንከርባት፣ ልጆች ሰኞ ያዩትን ቅዳሜ መጥተው ይቅመሱት። ኬሚስትሪ መማር ከፈለጉም እዚያው ነው።

ወጪውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ለድንኳኑ፣ ለቲሸርቱና ለባነሩ የሚወጣው ገንዘብ ከገጠር ለሚመጡት ባልቴቶች የመኪና ሒሳብና ምሳ ይሁን። ንግግር ካስፈለገ አንድ ሰው ይናገር፣ አጠር አድርጎ። የክብር እንግዳ የሚባሉት ዘር ያመጡት ይሁኑ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው ይሄ ሁሉ፣ እሱንም አልረሳሁም፤ ሰላሙን ያምጣልን። እስከዚያው ግን በየከተማው፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በትንሹ መጀመር የሚከለክል የለም።

ማስታወቂያው ደግሞ በፌስቡክና በቴሌግራም ብቻ ከሆነ የሚመጣው የከተማ ሰው ነው፣ እኔን መሰል ዘር የሌለው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት የገበያ ቀኖች በድምፅ ማጉያ ይነገር፣ በየቀበሌው የልማት ሠራተኞች በኩል ይድረስ፣ በሬዲዮ ይነገር። እናንተም ጋዜጣችሁ ላይ አንድ ዓምድ ብትሰጡት፣ በየሳምንቱ አንድ የአካባቢ እህል ዘሩ ከየት እንደሆነና እንዴት እንደሚቀመጥ ብትጽፉ፣ እኔ ከአማቴ እየጠየቅኩ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ። በሩ ላይ ቋጠሮዋን የማይነጥቋት ከሆነ እሷንም አሳምኜ አመጣታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት እናት፣ ከደብረ ማርቆስ